ሰፊ ስኪና የመዞሪያ ራዲየስ፦ ወገቡን ብቻ አትጠይቁ

እዚህ ኮሎራዶ ዙሪያዬን ሳይ ስኪ የሚወርዱ ሀበሾች እየበዙ ነው። አብዛኞቹ ለተወሰነ ጊዜ በኪራይ ስኪ ይወጣሉ። ከዚያ የራሳቸውን መግዛት ይፈልጋሉ። ያኔ ስልኬ ይጠራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ወገቡ (ከእግር ስር ያለው የስኪው መሀል ስፋት) ስንት ሚሊሜትር ይሁን?" ዘጠና? መቶ? መቶ አስር?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የቀረው ግማሽ የመዞሪያ ራዲየሱ ነው። ስለ ወገብ ሁሉም ያወራል። ስለ ራዲየስ ግን ሱቅ ውስጥ እንኳ ብዙ ሲነገር አልሰማም። ሰፊ ስኪ ላይ ለዓመታት ከወረድኩ በኋላ ለሰው የምነግረው ነገር ይህ ነው፦ ወገቡ ስኪው አዲስ በረዶ ላይ ምን ያህል እንደሚንሳፈፍ ይነግራችኋል። ራዲየሱ ደግሞ ስኪው ምን ያህል የራሱ ፈቃድ እንዳለው ይነግራችኋል። መቼና እንዴት እንደሚዞር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ወይስ እሱ? ጉዳዩ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናግኘው። ስኪያችሁን አንሡና ጭራው (የኋላ ጫፉ) አካባቢ ወይም ባይንዲንጉ (ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ) አጠገብ ተመልከቱ። ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንዱ ርዝመቱ ነው፣ ለምሳሌ 180 ሴንቲሜትር። ሌላ ቦታ በሰረዝ የተያያዙ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የአፍንጫው (የፊት ጫፉ)፣ የወገቡና የጭራው ስፋት ናቸው፣ በሚሊሜትር። አጠገባቸው "አር" የምትል ፊደል ይዞ የተጻፈ ቁጥር አለ። 15፣ 19፣ 24 ሊሆን ይችላል። እሱ ነው ራዲየሱ፣ በሜትር።

ስኪን ከላይ ስታዩት አፍንጫውና ጭራው ሰፋ ያለ ነው፣ መሀሉ ጠበብ ይላል። ስለዚህ ጎኑ ወደ ውስጥ የገባ ቅስት ይሠራል። ያንን ቅስት በሐሳባችሁ አስቀጥሉት፤ ዞሮ ዞሮ ሙሉ ክብ ይሆናል። ስኪው ላይ የተጻፈው የዚያ ክብ ራዲየስ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቅስቱ ጠለቅ ያለ ነው፣ ስኪውም በጠባብ ክብ መዞር ይወዳል። ቁጥሩ ሲተልቅ ጎኑ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል።

አሁን ቤቴ ያሉት ሁለት ስኪዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሁለቱም ወገባቸው 106 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 180 ሴንቲሜትር ነው። አንዱ 141-106-131 ነው፣ ራዲየሱ 19። ሌላው 134-106-124 ነው፣ ራዲየሱ 24። ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ልዩነታቸው በቀላሉ አይታይም። ተራራ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው።

ሒሳብ ለሚወድ ስሌቱ ቀላል ነው። የአፍንጫውንና የጭራውን ስፋት ደምሩ። የወገቡን እጥፍ ቀንሱ። ለአራት አካፍሉ። የምታገኙት የቅስቱን ጥልቀት ነው። በመጀመሪያው ስኪ 15 ሚሊሜትር፣ በሁለተኛው 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀጥሎ በረዶውን የሚነካውን የጠርዝ ርዝመት በራሱ አባዙት። ውጤቱን ለጥልቀቱ ስምንት እጥፍ አካፍሉት። የጠርዙን ርዝመት 1.5 ሜትር ብላችሁ ብትይዙ ወደ 19 ሜትርና ወደ 24.5 ሜትር ይመጣል። ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው። ስለዚህ ካታሎግ ስታዩ ሦስቱን ቁጥሮች አንብቡ፤ መሀለኛዋን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ።

ከዚሁ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ሰፊ ስኪ ሁሉ ትልቅ ራዲየስ አለው የሚባለው ልክ አይደለም። ወገብ ሲሰፋ አፍንጫና ጭራም አብረው ከሰፉ ራዲየሱ አይለወጥም። 110 ሚሊሜትር ወገብ ኖሮት ራዲየሱ 17 የሆነ ስኪ አለ። 27 የሆነም አለ። ሁለተኛ፣ ርዝመት ስትቀይሩ ራዲየሱም ይቀየራል። አንድ ሞዴል በ172 ሴንቲሜትር ራዲየሱ 17 ሆኖ በ188 ደግሞ 21 ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁ ያሞገሰላችሁን ስኪ በሌላ ርዝመት ከገዛችሁት የገዛችሁት ያንኑ ስኪ አይደለም።

እስኪ ወደ ተራራው እንውጣ።

ስኪው ጠፍጣፋ ተኝቶ ሲሄድ ራዲየሱ ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ስታጋድሉት ነው። ጠንካራ በረዶ ላይ ስኪው በጠርዙ ሲቆም አፍንጫውና ጭራው በረዶውን ይነካሉ፣ ወገቡ ግን አየር ላይ ይቀራል። ክብደታችሁ ወገቡን ወደ ታች ይጫነዋል። ስኪው ይጎብጣል። በጎበጠው ቅስት ላይ ተከትሎ ይዞራል። ካርቭ ማድረግ የሚባለው ይሄ ነው። ስኪው ይበልጥ በተጋደለ ቁጥር ይበልጥ ይጎብጣል፣ የሚዞርበትም ክብ ይጠባል። በግምት ስኪውን 45 ዲግሪ ብታጋድሉት 24 ሜትሩ ወደ 17 ይወርዳል፣ 19ኙ ወደ 13.5። 60 ዲግሪ ከደረሳችሁ ሁለቱም በግማሽ ይቀንሳሉ።

60 ዲግሪ የሚያጋድል ሰው ግን ጥቂት ነው። ለዚያ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ከሌለ ሰውነታችሁን ወደ ውስጥ ስታጋድሉ የሚደግፋችሁ ኃይል የለም፣ ትወድቃላችሁ። በሻካራ ስሌት 45 ዲግሪ ተጋድሎ ሚዛን ለመጠበቅ 19 ሜትሩ ስኪ በሰዓት 41 ኪሎሜትር ገደማ ይፈልጋል። 24ቱ 46 ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት ሰው በሞላበት መንገድ ላይ ግን ትልቅ ነው። ትልቅ ራዲየስ ያለው ስኪ በዝግታ ስትሄዱ ካርቭ አይገባላችሁም። እያንሸራተታችሁ ነው የምታዞሩት። ኮፐር ማውንቴን በሚባለው የኮሎራዶ ስኪ ቦታ ላይ በማሽን በተደለደለ መንገድ ሁለቱን ስኪዎቼን እየቀያየርኩ ስወርድ መጀመሪያ የሚሰማኝ ይሄ ነው። 19ኙ ገና ጋደል ሳደርገው ይጀምራል። 24ቱ "ፍጥነት ጨምርና እናወራለን" ይላል።

ሰፊነት እዚህ ላይ ይገባል። የስኪ ቡት (ጫማ) ሶል ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ወገቡ 70 ሚሊሜትር የሆነ ስኪ ጠርዙ ልክ ከሶሉ ዳር ስር ይውላል። ወገቡ 106 ሲሆን ጠርዙ ከሶሉ 18 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ጠንካራ በረዶ ላይ ክብደታችሁን የሚሸከመው ያ ጠርዝ ብቻ ነው። እናንተ ልታጋድሉት ስትታገሉ በረዶው ደግሞ ሊያስተኛው ይገፋል። ትግሉን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይሸከሙታል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገሩም ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ሁለቱን አያይዟቸው። ትልቅ ራዲየስ ያለው ሰፊ ስኪ ጠበብ አድርጎ ለመዞር ብዙ ማጋደል ይፈልጋል። ሰፊ ስለሆነ ግን ማጋደሉ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ጠንካራ በረዶ ላይ ድካሙ ይደረባል። ትንሽ ራዲየስ ያለው ሰፊ ስኪ በትንሽ ማጋደል ይዞርላችኋል፣ ጉልበታችሁን ያግዛል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም የተደለደለ መንገድ ላይ የሚውል፣ ግን ሰፊ ስኪ የሚፈልግ ከሆነ ከ16 እስከ 19 ባለው ውስጥ ይፈልግ እላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወገቡን ወደ 90 ቢያወርደው ይበልጥ ይጠቀማል። ይህን ስል ደስ የማይለው ብዙ ነው፤ ግን ጉልበት አይተካም።

ከዚህ በኋላ "ታዲያ ሁሌ ትንሽ ራዲየስ ይሻላል ማለት ነው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይደለም። ሰፊ ስኪ የሚገዛው ለተደለደለ መንገድ ስላልሆነ።

አዲስ በረዶ ውስጥ የጠርዙ ሥራ ይቀንሳል። ስኪው ይሰምጣል፣ በረዶው ከስሩ ሙሉ በሙሉ ይሸከመዋል። ግፊቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን መላ ስፋቱ ላይ ይከፋፈላል። ጉልበቱም ያርፋል፤ ያ 18 ሚሊሜትር እዳነቱ ይቀራል። ስኪው የሚዞረው በጎኑ ቅስት ብቻ ሳይሆን በመጉበጡም ጭምር ነው። በረዶው ከስር ሲገፋው እንደ ጀልባ ሆድ ይጎብጣል። ለስላሳ ስኪ ይበልጥ ይጎብጣል። አፍንጫው ቀድሞ ወደ ላይ የተነሣ፣ ሮከር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ገና ሲሠራ ጎብጦ ነው የተሠራው። ለዚህ ነው ራዲየሱ 24 የሆነ ስኪ አዲስ በረዶ ውስጥ በጣም ጠባብ ዙር ሲዞር የምታዩት። ቁጥሩ አልዋሸም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጠንካራ በረዶ ነው።

ይህን እስከ ጥግ የወሰደው ታዋቂው ስኪ ወራጅ ሼን ማኮንኪ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት ከሚባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ ስፓቹላ የተባለውን ስኪ አወጣ። ከእግር ስር ከአፍንጫውና ከጭራው ይልቅ የሰፋ ነበር። ማለትም ጎኑ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነው የሚጎብጠው። ሐሳቡ የመጣው ከውሃ ስኪ ነው፤ አላስካ ውስጥ የውሃ ስኪ ላይ ባይንዲንግ አስሮ በረዶ ላይ ሞክሮታል። አዲስ በረዶ ከጠጣር በረዶ ይልቅ ወደ ውሃ ይቀርባል ብሎ ስላመነ። ማኮንኪ በ2009 ኢጣሊያ ዶሎማይትስ ተራራ ላይ አረፈ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ሰፊ ስኪ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶና ጫፉ ጠበብ ብሎ የሚሠራው እሱ ባሳየው መንገድ ነው።

ወደ ስፓቹላ ዓይነት ቅርጽ ያደረሰው ችግር እኔም እግር ላይ በደንብ የማውቀው ነው። ጥልቅ የጎን ቅስት ያለው ሰፊ ስኪ የአፍንጫው ስፋት ትልቅ ነው። 141 ሚሊሜትር አፍንጫ ከ106 ሚሊሜትር ወገብ ፊት ቀድሞ ይሄዳል። በረዶው እኩል ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጠዋት አዲስ የነበረው በረዶ ሰው ይወርድበትና ይቆራረጣል። እዚህ ክምር፣ እዚያ ጠንካራ፣ መሀል ላይ የስኪ ዱካ። ያ ሰፊ አፍንጫ ክምር ውስጥ ሲገባ ይያዛል፣ ሳይታሰብ ወደ ውስጥ መዞር ይጀምራል። ጭራውም እንደዚያው ነው፤ ዙሩን ልትጨርሱ ስትሉ አልለቅም ብሎ ይቀጥላል። አንዱ እግር በቀኝ ሌላው በግራ ሊሄድ ይፈልጋል።

ይህን ለማየት ቬይል ከሚባለው የኮሎራዶ ስኪ ቦታ የኋላ ሸለቆዎች የተሻለ ቦታ አላውቅም። አብዛኛው ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል። ጥሩ በረዶ በዘነበ ማግስት ጠዋት ገነት ነው። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ቅርፊት ይይዛል፣ ስሩ ለስላሳ ይሆናል። በዚህ ዓይነት በረዶ 19 ሜትሩን ሳደርግ እግሬ ዕረፍት የለውም። በየሜትሩ ስኪውን ማረም አለብኝ። 24ቱን ሳደርግ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ክምሩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ስጠይቀው ይዞራል። ካልጠየቅኩት ዝም ይላል። አደብ ያለው ስኪ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

በፍጥነት ቀጥታ ስትወርዱም ይኸው ነው። ትንሽ ራዲየስ ያለው ስኪ ጠፍጣፋ ሆኖ በፍጥነት ሲሄድ ይንቀዠቀዣል። ትንሽ ጋደል ባለ ቁጥር ጠርዙ ይይዝና ወደ አንድ ወገን ይስባል። ወደ ሊፍቱ (ሰውን ወደ ተራራው ወደሚያወጣው ማመላለሻ) የሚመልሰው ረጅም ሜዳ መንገድ ላይ ይህን በደንብ ትሰማላችሁ። መድኃኒቱ ስኪውን ፍጹም ጠፍጣፋ አለማድረግ ነው። በጣም ትንሽ ወደ አንድ ጎን አጋድሉትና ረጅም ዙር ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ ወደ ሌላው። መንቀዥቀዡ ይቆማል።

ዛፍ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒ ነው። የእህቴ ልጅ ቦልደር ነው የምትማረው፣ ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ የሚነሣውን የበረዶ ባቡር ይዛ ዊንተር ፓርክ ወደሚባለው ስኪ ቦታ ትሄዳለች። ሜሪ ጄን በሚባለው ወገን ያሉትን ዛፎች ትወዳለች። ባለፈው ክረምት ሰፊ ስኪ ልትገዛ ስትል ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ዛፍ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ ትንሹን ራዲየስ ልውሰድ አይደል?"

"ዛፍ ውስጥ ስትሆኚ ስኪውን በጠርዙ አቁመሽ ነው የምትዞሪው ወይስ አሽከርክረሽ?" አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ "አሽከርክሬ ነው መሰለኝ" አለች።

"እንግዲያው ቁጥሩን ሳይሆን አፍንጫውንና ጭራውን እዪ" አልኳት።

ዛፍ ውስጥ ሁለት ግንዶች መሀል ስትገቡ ካርቭ አታደርጉም፤ አብዛኞቻችን አናደርግም። ስኪውን ከእግር ስር እናሽከረክረዋለን፣ በጎኑ እናንሸራትተዋለን፣ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ደግመን እናዞረዋለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በቀላሉ የሚለቅ ስኪ ነው። ትንሽ ራዲየስና ጠንካራ ጭራ ያለው ስኪ አንዴ ጠርዙ ከያዘ ቅስቱን ሊጨርስ ይፈልጋል፤ ፊት ለፊት ዛፍ አለ የለም እሱ አያውቅም። ራዲየሱ 22 ወይም 24 ሆኖ አፍንጫውና ጭራው ወደ ላይ የተነሣ ስኪ ግን ባለበት ይሽከረከራል። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ከሱቅ ተውሳ ሞከረች። የመረጠችው ትልቁን ቁጥር ነው። አሁን ዛፍ ውስጥ ልከተላት ስል ታመልጠኛለች።

ስኪ ወራጆች ደጋግመው ሲዞሩበት በረዶው ላይ በሚፈጠር ጉብታ ላይ ራዲየሱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። እዚያ ወሳኙ የጭራው ጥንካሬና የወገቡ ስፋት ነው። ሰፊ ስኪ በጉብታዎች መሀል ባለው ቦይ ውስጥ ይጣበባል፤ ያንን ራዲየስ አያድነውም።

ራዲየስ ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ከውድድር ዓለምም ማየት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2012-13 የውድድር ዘመን ጀምሮ የወንዶች ጃይንት ስላሎም (በተተከሉ በሮች መሀል እየዞሩ የሚወረድበት ውድድር) ስኪ ዝቅተኛ ራዲየስ ከ27 ወደ 35 ሜትር እንዲያድግ አደረገ። ምክንያቱ የጉልበት ጉዳትን መቀነስ ነበር። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ቴድ ሊጌቲ ለውጡን በይፋ አጥብቆ ተቃወመ። ከዚያ በጥቅምት 2012 ኦስትሪያ ሶልደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር በአዲሱ ስኪ ሁለተኛውን በ2.75 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። በዚህ ስፖርት ይህ እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው። ሊጌቲ ከሌሎቹ ቀድሞ ስኪውን ማጋደል ይጀምር ነበር፤ ከሌሎቹ ይበልጥም ያጋድል ነበር። ሕጉ በኋላ ወደ 30 ሜትር ወርዷል። ለእኛ ለተራው ስኪ ወራጆች የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ ትልቅ ራዲየስ ያለው ስኪ ጠበብ አድርጎ ይዞራል፣ ግን ማጋደሉን በጊዜ መጀመርን ይጠይቃል። ዙሩ መሀል ላይ ደርሳችሁ ብትነቁ ጊዜው አልፏል።

የኛውን ሮቤል ተክለማርያምንም ላንሣ። በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በሀገር አቋራጭ ስኪ ነው። የዚያ ስኪ ስፋት ወደ 44 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ጎኑም ቀጥታ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መንሸራተት ስለሆነ የሚጠቀልለው ቅስት አያስፈልገውም። የእኛ ሰፊ ስኪ የሌላ ሥራ ዕቃ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ጎኑ የሚሠራለት እግራችሁ ለሚሄድበት መንገድ ነው።

ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ኩባንያዎች ራዲየስን የሚለኩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ዛሬ ብዙ ሰፊ ስኪ ሰፊው ቦታው ጫፉ ላይ ሳይሆን ወደ እግር ጠጋ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ነጥብ በኋላ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ይህ የሚደረገው አፍንጫው ክምር በረዶ እንዳይዘው ነው፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ራዲየሱ የሚለካው በሁለቱ ሰፊ ነጥቦች መሀል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 18 የተጻፈበት እንዲህ ዓይነት ስኪ፣ በተቆራረጠ በረዶ ውስጥ 18 ተጽፎበት አፍንጫው እስከ ጫፍ ከሰፋው ስኪ በብዙ ይረጋጋል። ስኪውን መሬት ላይ አስተኙትና ሰፊው ቦታ የት እንደሆነ በዓይናችሁ ፈልጉ። አንዳንድ ስኪ ላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ራዲየስ ተጽፎ ታያላችሁ፤ ከፊት፣ ከመሀል፣ ከኋላ ቅስቱ ስለሚለያይ ነው።

ስኪያችሁ አልታዘዝ ካላችሁ ደግሞ ወደ መሸጥ ከመሮጣችሁ በፊት ጠርዙን አስመርምሩ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። አዲስ ስኪ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠርዙ ከመሀለኛው የፕላስቲክ መሠረት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስኪው ሐዲድ ላይ እንዳለ ይሆናል፤ ራዲየሱ ምንም ይሁን ምን አልዞርም ይላል፣ ከዞረ ደግሞ አልለቅም ይላል። ቀጥ ያለ ብረት መሠረቱ ላይ በአግድም አስቀምጣችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ ብርሃኑ መሀል ላይ ብቻ ካለፈ ችግሩ ይሄ ነው። ጥሩ ጥገና የሚያውቅ ሱቅ መሠረቱን በማሽን ያስተካክለዋል። ከስር በኩል ጠርዙን 1 ዲግሪ ከፍ ማስደረግ፣ ከጎን 2 ዲግሪ ማስያዝ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እኔ ራዲየሱ 19 በሆነው ስኪዬ ላይ ተጨማሪ ነገር አስደርጌአለሁ። ከሰፊው ነጥብ ወደ ጫፍ ያለውን ጠርዝ፣ ከፊትም ከኋላም፣ በለስላሳ ድንጋይ አደንዝዤዋለሁ። በተቆራረጠ በረዶ ውስጥ የመያዝ ባሕርዩ ግልጽ ሆኖ ቀንሷል። በተደለደለ መንገድ ላይ ያጣሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰፊውን ነጥብ አልፋችሁ ወደ እግር አትምጡ ብቻ።

ሁለቱንም ስኪ ለምን እንደያዝኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ሁለት መግዛት ለማይፈልግ ሰው መልሴ በሚወርድበት ቦታ ይወሰናል። አዲስ በረዶ ሲዘንብ ብቻ ሰፊውን የሚያወጣ፣ ሌላ ጊዜ ጠባብ ስኪ ያለው ሰው ራዲየሱ ከ21 እስከ 25 ያለውን ይውሰድ። ሰፊው ስኪ ብቸኛው ስኪው ከሆነ፣ ጠዋት ጥቂት አዲስ በረዶ፣ ቀኑን ሙሉ የተደለደለ መንገድ የሚወርድ ከሆነ ከ17 እስከ 20 ይስማማዋል። ቀላል ሰውነት ያለው ሰው፣ ወይም በዝግታ መውረድ የሚወድ፣ ከዚህም ዝቅ ቢል አይጎዳም፤ ስኪውን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ክብደትና ፍጥነት ያንሳልና። ከባድና ፈጣን ሰው ትንሽ ራዲየስ ላይ ይቸኮልበታል፤ ዙሩን ሳይፈልገው ያልቅበታል።

ላቭላንድ የሚባለውን ስኪ ቦታ የሚመርጡ ብዙ ሀበሾች አውቃለሁ። ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ሲኬድ ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ስላለ ቅርብ ነው። እዚያ ነፋሱ ከባድ ነው። ነፋስ አዲስ በረዶን ይጠቀጥቀዋል፣ አንዱን ቦታ ጠንካራ፣ አንዱን ክምር ያደርገዋል። የላይኛው ሸንተረር ላይ ለሚውል ሰው ያ ነፋስ ራሱ ትልቁን ራዲየስ ይመርጥለታል። ከታች ከልጆቹ ጋር ለሚውል ትንሹ በቂ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞክሩ። ብዙ ሱቆች ለሙከራ ያከራያሉ፣ ከገዛችሁ ኪራዩን ከዋጋው የሚቀንሱም አሉ። ስትሞክሩ ወገባቸው ተቀራራቢ፣ ራዲየሳቸው ግን የተለያየ ሁለት ስኪዎች ውሰዱ። ያለዚያ የተሰማችሁ ለውጥ ከስፋቱ ይሁን ከራዲየሱ አታውቁም። መጀመሪያ በተደለደለ መንገድ በዝግታ ሁለት ሦስት ዙር ዙሩ፤ ስኪው ስንት ፍጥነት ላይ "ያዝኩ" እንደሚላችሁ አስተውሉ። ቀጥሎ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቀጥታ ልቀቁት፤ ይንቀዠቀዝ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ዳር ወዳለው የተቆራረጠ በረዶ ግቡና ዙሩን መሀል ላይ ለማቋረጥ ሞክሩ። ቶሎ ይለቃል ወይስ ይጎትታችኋል? ሁለቱን ስኪዎች በአንድ መንገድ ላይ፣ ወዲያው ተከታትላችሁ ሞክሯቸው። በረዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ከሞከራችሁ የምታወዳድሩት ስኪውን ሳይሆን ሰዓቱን ነው።